ሪፖርት ማውጣት ተጠያቂነት አይደለም

ባለፈው ሳምንት ስለ ጦርነት ወጪ አንዲት አጭር ነገር ለጥፌ ነበር። ከሥሯ ከተጻፉት አስተያየቶች መሃል የአንድ የድሮ ተማሪዬ ሐሳብ ብዙ ላይክ ሰብስቧል። "ጋሼ፣ አሜሪካ እኮ ሌላ ነው። እዚያ የሕዝብ ገንዘብ ከባከነ ትልቁም ትንሹም ይጠየቃል። ሁሉም ነገር በሪፖርት ይወጣል" ነው ያለው። በኮሜንት ልመልስለት ብዬ ጀመርኩና ረዘመብኝ፤ ስለዚህ ለሁላችሁም ይሁን ብዬ እዚህ አመጣሁት። ታገሡኝ፣ ዛሬ አስረዝማለሁ። (ዓመተ ምሕረቱና ወሩ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።)

ልጄ፣ የተናገርከው ግማሹ እውነት ነው። ሪፖርቱ ይወጣል። የራሱን ጉድ በወፍራም ጥራዝ አሳትሞ ኢንተርኔት ላይ የሚያስቀምጥ መንግሥት ብዙ አላውቅም። ከዚህ በታች የምጽፈውን አብዛኛውን ያወቅነው እነሱው ራሳቸው ስለጻፉት ነው። "ይጠየቃል" የምትለዋ ላይ ግን አልስማማም። ክፍል ውስጥ ሂሳብ አያያዝ ሳስተምራችሁ እስኪሰለቻችሁ ድረስ የደጋገምኳት ነገር ነበረች፤ ኦዲት ሁለት ጥያቄ አለው፣ ገንዘቡ የት ገባ? ያዘዘውስ ማነው? ዋሽንግተን የመጀመሪያውን ጥያቄ በሚገርም ትጋት ትመልሳለች። ሁለተኛው ጋ ስትደርስ ወይ ዝም ትላለች፣ ወይ አንድ ሻለቃ ታስራለች፣ ወይ ሜዳሊያ ትሸልማለች።

ሜዳሊያ ያልኩት ለቀልድ አይደለም። የኢራቁን ነገር እንየው።

ከሜይ 2003 እስከ ጁን 2004 ድረስ ወደ 12 ቢሊዮን ዶላር የሚጠጋ ጥሬ ገንዘብ ከኒውዮርኩ የፌዴራል ሪዘርቭ ባንክ ወጥቶ በወታደራዊ አውሮፕላን ባግዳድ ገብቷል። ቼክ አይደለም፣ ሐዋላ አይደለም፤ ኖት ነው። ከ281 ሚሊዮን በላይ ኖት፣ ክብደቱ 363 ቶን። ሥልጣን ለኢራቃውያን ሊተላለፍ ስድስት ቀን ሲቀረው፣ ጁን 22 ቀን 2004፣ በአንድ ጊዜ ብቻ ከ2.4 ቢሊዮን ዶላር በላይ ተልኳል። በባንኩ ታሪክ እንደዚያ ያለ ጭነት አልነበረም። አገሪቱን ያስተዳድር የነበረው የአሜሪካኖቹ ጊዜያዊ አስተዳደር ባለሥልጣን የነበረ አንድ ሰው ኋላ ለሴነተሮች ሲመሰክር፣ ለአንድ ኮንትራክተር 2 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል "ከረጢት ይዘህ ና" እንዳሉት ተናግሯል። ከረጢት! እኔ እናንተን የፔቲ ካሽ ቫውቸር ካልሞላችሁ ማርክ እቆርጥ ነበር።

አንድ ነገር ልብ በሉ። ገንዘቡ የአሜሪካ ግብር ከፋይ ገንዘብ አልነበረም። ከኢራቅ ነዳጅ ሽያጭና ከታገዱ የኢራቅ ሂሳቦች የመጣ ነው። በኛ አባባል የአደራ ገንዘብ። አደራ ደግሞ ከራስ ገንዘብ በላይ ይጠበቃል፤ ይሄን ለሐበሻ ማስረዳት አያስፈልግም።

ልዩ ዋና መርማሪው (ስቱዋርት ቦወን ይባላሉ፣ የራሳቸው የጆርጅ ቡሽ የቴክሳስ ሰው ናቸው፣ ስለዚህ "ተቃዋሚ ነው" ተብለው የሚታለፉ አይደሉም) በጃንዋሪ 2005 ባወጡት ሪፖርት ለኢራቅ ሚኒስቴሮች ከተሰጠው ገንዘብ 8.8 ቢሊዮን ዶላር ያህሉ በቂ ቁጥጥር እንዳልነበረው ጻፉ። አንዱ መሥሪያ ቤት ለ8,206 ዘበኞች ደመወዝ ይከፍላል፤ መኖራቸው የተረጋገጠው 602 ናቸው። የቀሩት ዘበኞች ምን እንደሚጠብቁ እግዜር ይወቅ።

አሁን ወደ ሁለተኛው ጥያቄ። አስተዳደሩን ይመሩ የነበሩት አምባሳደር ፖል ብሬመር ናቸው። ሪፖርቱ ከመውጣቱ ስድስት ሳምንት ያህል በፊት፣ ዲሴምበር 14 ቀን 2004፣ ዋይት ሐውስ ተጠርተው የፕሬዝዳንቱን የነጻነት ሜዳሊያ አንገታቸው ላይ አጠለቁ። ያው ቀን፣ ያው አዳራሽ፣ ሌላው ተሸላሚ ጆርጅ ቴኔት ነበሩ፤ "ሳዳም የጅምላ ጨራሽ መሣሪያ አለው" የተባለው በእሳቸው የስለላ ድርጅት መረጃ ነው። መሣሪያው አልተገኘም። ሜዳሊያው ተገኘ።

ለሚዛን ያህል የብሬመርንም ልንገራችሁ። ባንክ በማይሠራበት አገር፣ ጥይት እየተተኮሰ፣ የመንግሥት ሠራተኛ ደመወዝ ካልተከፈለ አገር ይፈርሳል ነው የሚሉት። መልሱ ክብደት አለው። ኦዲቱም "ተሰረቀ" አላለም፤ "ወጪ መሆኑን እንጂ የት እንደገባ ማረጋገጥ አልተቻለም" ነው ያለው። እሺ። ታዲያ እዚያው ኢራቅ፣ ሂላ ከተማ፣ 82 ሚሊዮን ዶላር እንዲቆጣጠር የተቀጠረው ሰው ቀድሞ አሜሪካ ውስጥ በማጭበርበር ተፈርዶበት የሚያውቅ ሰው ነበር። ገንዘብ ያዥ አድርገው ሾሙት! እንደተጠበቀው ሰረቀ፣ 9 ዓመት ተፈረደበት። ይበለው። ኩዌት ሆኖ ኮንትራት ይፈርም የነበረ አንድ ሻለቃም ጉቦ በልቶ 17 ዓመት ተኩል ተፈረደበት። እሱንም ይበለው። ግን እኔ የምጠይቀው፣ ያንን የታወቀ አጭበርባሪ የቀጠረው ማነው? መዝገቡን ሳያይ 82 ሚሊዮን እጁ ላይ ያስቀመጠው ማነው? እዚያ ላይ ፋይሉ ይዘጋል።

ከሁሉ የሚያናድደኝ ግን የወይዘሮ ቡናቲን ግሪንሃውስ ጉዳይ ነው። ሉዊዚያና ውስጥ ጥቁርና ነጭ በሕግ በተለያየበት ዘመን ያደጉ፣ ተምረው ተምረው የአሜሪካ ጦር መሐንዲሶች ኮር የኮንትራት ዋና ኃላፊ የሆኑ ጥቁር ሴት ናቸው። በ2003 ጦርነቱ ሊጀመር ሲል የኢራቅን የነዳጅ ተቋማት የማደስ ሥራ፣ እስከ 7 ቢሊዮን ዶላር የሚደርስ፣ ያለ ጨረታ ለኬቢአር ተሰጠ። ኬቢአር በጊዜው የሐሊበርተን ተቀጥላ ድርጅት ነበር፤ ሐሊበርተንን ከ1995 እስከ 2000 ይመሩ የነበሩት ደግሞ በጊዜው ምክትል ፕሬዝዳንት የነበሩት ዲክ ቼኒ። ቼኒ ስልክ ደውለው አሰጡ አላልኩም፣ ማስረጃ የለኝም። ወይዘሮዋም እንደዚያ አላሉም። ያሉት ቀላል ነገር ነው፤ ያለ ጨረታ ከሆነ ቢያንስ ከአንድ ዓመት አይብለጥ። ሰነዱ ላይ ከፊርማቸው አጠገብ በእጃቸው ጻፉት። የኮንትራት ባለሙያ ማድረግ ያለበትን ነው ያደረጉት። ማንኛችሁም ፈተና ላይ ብትጽፉት ሙሉ ማርክ የምሰጠው መልስ ነው።

ምን ሆኑ? ለዓመታት "እጅግ በጣም ጥሩ" ይባል የነበረው የሥራ ምዘናቸው ተበላሸ። በጁን 2005 ለሴነተሮች መሰከሩ። በኦገስት ከኃላፊነታቸው ዝቅ ተደረጉ። ስድስት ዓመት ተከራክረው በ2011 መንግሥት 970,000 ዶላር ሊከፍላቸው ተስማማ። እዚህ ላይ ቆም በሉ። ያ ገንዘብ የወጣው ዝቅ ካደረጓቸው አለቆች ኪስ አይደለም። ከግብር ከፋዩ ነው። ማለትም ሕዝቡ ገንዘቡን ልትጠብቅለት የሞከረችውን ሴት ስለበደሉለት ካሳውን ራሱ ከፈለ።

አንዳንዶቻችሁ "ኮንግረሱስ? ኮንግረስ አለ እኮ" ትሉ ይሆናል። አለ። ኮንግረስ ውስጥ ደግሞ ራንዲ ከኒንግሃም ነበሩ። የቬትናም የጦር ጄት ጀግና፣ የካሊፎርኒያ ሪፐብሊካን፣ የመከላከያ በጀት በሚመደብበት ንዑስ ኮሚቴ ውስጥ አባል። የእሳቸውን ታሪክ ሳነብ አንዳንዴ ብቻዬን እስቃለሁ። ጉቦ የሚቀበሉበትን ዋጋ ዝርዝር ጻፉት። በወረቀት። የኮንግረስ ማኅተም ባለበት የራሳቸው የቢሮ ወረቀት ላይ! በአንድ በኩል የኮንትራቱ መጠን፣ በሌላ በኩል ጉቦው። 16 ሚሊዮን ዶላር ኮንትራት ለሚፈልግ 140 ሺህ የምታወጣ ጀልባ። ከዚያ በላይ ለእያንዳንዱ ተጨማሪ ሚሊዮን 50 ሺህ ዶላር። 20 ሚሊዮን ካለፈ ደግሞ በየሚሊዮኑ 25 ሺህ ብቻ። ገባችሁ? የጅምላ ቅናሽ ነው! መርካቶ ያለ ነጋዴ እንኳን እንዲህ ያለ ዝርዝር ደጃፉ ላይ አይለጥፍም።

በጠቅላላው 2.4 ሚሊዮን ዶላር በልተዋል። የተያዙት ኮንግረስ ራሱን መርምሮ አይደለም፤ አንድ ጋዜጠኛ የቤት ሽያጭ መዝገብ ሲያገላብጥ የመከላከያ ኮንትራክተር ቤታቸውን ከገበያ በላይ ገዝቶ በ700 ሺህ ዶላር ኪሳራ እንደሸጠው ስላየ ነው። በ2006 ስምንት ዓመት ከአራት ወር ተፈረደባቸው። "ይኸው ተጠየቁ!" ትሉኛላችሁ። ልክ ናችሁ፣ እዚህ ላይ እሰጣችኋለሁ። ግን የተጠየቁት በምን እንደሆነ እዩ። በጀልባው ነው። በቤቱ ነው። ማንም ያልጠየቀውን፣ ጦሩ ያልፈለገውን ወጪ የመከላከያ በጀት ውስጥ ሾልኮ እንዲገባ ማድረጉ በራሱ በጊዜው ወንጀል አልነበረም፤ በየዓመቱ በመቶ የሚቆጠሩ እንደራሴዎች ያደርጉት ነበር። ያው ኮንትራክተር ያንኑ ገንዘብ ግልጽ ቃል ሳይለዋወጥ በምርጫ መዋጮ መልክ ቢያመጣው ኖሮ ዛሬ ስማቸውን የምናነሳው በጀግንነት ነበር። በጃንዋሪ 2021 ዶናልድ ትራምፕ ከዋይት ሐውስ ሊወጡ ሲሉ ምሕረት ሰጧቸው።

ይሄን ነገር ደጋግማችሁ ታዩታላችሁ። ፖል ዎልፎዊትዝ በማርች 2003 የኮንግረስ ኮሚቴ ፊት ቀርበው ኢራቅ መልሶ ግንባታዋን በራሷ ገንዘብ፣ ያውም ቶሎ፣ ልትሸፍን ትችላለች ብለው ነበር። ያ ሁሉ ሆኖ በ2005 የዓለም ባንክ ፕሬዝዳንት ሆኑ። በ2007 ለቀቁ። በኢራቅ እንዳይመስላችሁ፤ ለወዳጃቸው በተደረገ የደመወዝ ጭማሪ ነው። በአንጻሩ ሎረንስ ሊንድሲ የተባሉት የቡሽ የኢኮኖሚ አማካሪ በ2002 ጦርነቱ ከ100 እስከ 200 ቢሊዮን ዶላር ሊፈጅ ይችላል ብለው ገምተው ነበር። የመከላከያ ሚኒስትሩና የበጀት ኃላፊው ከ50 እስከ 60 ቢሊዮን ይሉ ነበርና አጋነነ ተባሉ። በዲሴምበር ከሥራ ተሰናበቱ (ምክንያቱ ያ ግምት ብቻ ነበር አልልም)። የብራውን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2021 ከሴፕቴምበር 11 ወዲህ ያሉትን ጦርነቶች በሙሉ፣ ወደፊት ለቁስለኛ ወታደሮች የሚከፈለውንም ጨምረው፣ 8 ትሪሊዮን ዶላር አድርሰውታል። ሊንድሲ የተሳሳቱት በማሳነስ ነው።

ለመሆኑ ሕዝቡ ለምን ዝም አለ? ዱቤ ነዋ! ድሮ አሜሪካ ስትዋጋ ግብር ትጨምር ነበር። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ግብር ከፍሎ የማያውቅ ሁሉ ከፋይ ሆነ። ለኮሪያ ተጨመረ። በ1968 ጆንሰን ለቬትናም በገቢ ግብር ላይ 10 በመቶ ጫኑ፣ ሕዝቡም ጮኸ፣ ኪሱ ተነክቷላ። አፍጋኒስታንና ኢራቅ ላይ ግን በ2001ም በ2003ም ግብር ተቀነሰ። ጦርነቱ በብድር ሄደ። ለብዙ ዓመታት ወጪው ከመደበኛው በጀት ውጭ በ"አስቸኳይ ተጨማሪ" ስም ይጸድቅ ነበር። አሥር ዓመት የሚቆይ አስቸኳይ! ሱቅ በዱቤ የሚወስድ ቤተሰብ ወር እስኪያልቅ ድረስ ዋጋ አይጠይቅም፤ ይሄ ደግሞ ወሩ የማያልቅ ዱቤ ነው፣ ከፋዩም ገና ያልተወለደ ልጅ።

ቨርጂኒያና ሜሪላንድ ያላችሁ ልጆቼ ይሄ ጉዳይ በቀጥታ የእናንተ ነው። ኮሎምቢያ ፓይክ ላይ ስታልፉ ፔንታጎን እዚያው አፍንጫችሁ ሥር ነው። ኡበር የምትነዱት ለአይአርኤስ የነዳችሁትን ማይል እየመዘገባችሁ፣ የመኪና እጥበት ደረሰኝ ሳይቀር በኤንቨሎፕ እያስቀመጣችሁ እንደምትኖሩ ነግራችሁኛል። ጎበዝ። ጎረቤታችሁ ግን እንዲያ አይደለም። ሕጉ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ሂሳባቸውን በወጉ እንዲይዙ ማዘዝ የጀመረው በ1990 ነው። ፔንታጎን ሙሉ ኦዲት ለመጀመሪያ ጊዜ የተደረገለት በ2018። ወደቀ። ከዚያ በኋላ በየዓመቱ፣ እስከ 2024 ድረስ ሰባት ጊዜ በተከታታይ ወደቀ። የመጀመሪያው ውጤት ሲወጣ ምክትል ሚኒስትሩ ፓትሪክ ሻናሐን እናልፋለን ብለን መቼም አልጠበቅንም ዓይነት መልስ ነበር የሰጡት። እኔ ይሄን መልስ ከተማሪ ሰምቼ አውቃለሁ፤ ከዓመቱ በላይ ግን አልቆየም፣ ደገመ። ፔንታጎን ደግሞ እየወደቀ በየዓመቱ ከ800 ቢሊዮን ዶላር በላይ ይጨመርለታል።

እንደገና ለሚዛን፦ ኦዲት መውደቅ ማለት ተሰረቀ ማለት አይደለም። እርስ በርስ የማይነጋገሩ ብዙ የኮምፒውተር ሥርዓቶች አሏቸው፣ መለዋወጫ በየአገሩ ተበትኗል፣ ቆጠራው ከባድ ነው። ይገባኛል። እናንተስ ለአይአርኤስ "ቆጠራው ከባድ ነው" ብትሉት ይገባው ይሆን?

አፍጋኒስታን ውስጥ የሆነውን ከዘረዘርኩ አንጨርስም። ሁለቱን ብቻ። ለአፍጋን አየር ኃይል ተብሎ 20 ከጣሊያን የመጡ ማጓጓዣ አውሮፕላኖች ተገዙ፣ 549 ሚሊዮን ዶላር ወጣ፣ አልሠሩም፣ 16ቱ ተቆራርጠው ፓውንዱ በ6 ሳንቲም ለቁራሌው ተሸጡ። የተገኘው 32 ሺህ ዶላር ገደማ ነው። ሁለተኛው፣ የአፍጋን ወታደር የደን ቀለም ያለው ዩኒፎርም እንዲለብስ ተወሰነ፤ የአገሪቱ መሬት በደን የተሸፈነው 2.1 በመቶ ብቻ ነው። በዚህ ምርጫ የተነሳ እስከ 28 ሚሊዮን ዶላር ያህል ያለ አግባብ ወጣ ይላል ሪፖርቱ። ሪፖርት፣ ሪፖርት፣ ሪፖርት። ጆን ሶፕኮ የተባሉት ዋና መርማሪ ለዓመታት ጻፉ። የተጠየቀውን ሰው ስም ግን ፈልጉልኝ።

"ታዲያ ዜጋው ፍርድ ቤት አይሄድም?" ይሄን ጥያቄ የሚጠይቀኝ ሰው ሲመጣ ደስ ይለኛል፣ ምክንያቱም መልሱ ያስደንቃል። የአሜሪካ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 1፣ ክፍል 9፣ የሕዝብ ገንዘብ ገቢና ወጪ በየጊዜው በይፋ መታተም አለበት ይላል። በግልጽ ተጽፏል። አንድ የፔንሲልቬኒያ ግብር ከፋይ ይሄን ይዞ "የሲአይኤ ወጪ ይታተምልኝ፣ ሕገ መንግሥቱ ያዛል" ብሎ ከሰሰ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1974 በአምስት ለአራት ድምፅ መለሰለት። መልሱ ተሳስተሃል የሚል አልነበረም። መክሰስ አትችልም የሚል ነበር፤ ምክንያቱም የደረሰብህ በደል በሁሉም ዜጋ ላይ እኩል የደረሰ ስለሆነ ለይቶ የነካህ ነገር የለም። እስቲ ቀስ ብላችሁ አንብቡት። አንድ ሰው ከተበደለ ይከሳል፤ ሁሉም ከተበደለ ማንም አይከስም።

ፍርድ ቤት የደረሰው ጉዳይም ቢሆን በላይኛው በር ይወጣል። በ1986 የተጋለጠው የኢራን-ኮንትራ ቅሌት ያው ነው። ለኢራን በድብቅ ሚሳይል ተሸጦ፣ ትርፉ ኮንግረስ በሕግ ለከለከላቸው የኒካራጓ አማፂዎች ተላከ። የመከላከያ ሚኒስትር የነበሩት ካስፐር ዋይንበርገር ሊዳኙ ሳምንት ሁለት ሳምንት ሲቀራቸው፣ የገና ዋዜማ 1992፣ አባት ቡሽ እሳቸውንና ሌሎች አምስት ሰዎችን ማሩ። ከተማሩት አንዱ ኤሊየት አብራምስ በልጅ ቡሽ ዘመንም በትራምፕ ዘመንም ሥልጣን ላይ ተመልሰው አይተናቸዋል።

ይሄን የምጽፈው በሪፐብሊካኖች ላይ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ኦባማ ገና ሥልጣን ሳይዙ ስለ ቡሽ ዘመን ማሰቃየት ሲጠየቁ ወደፊት ማየት እንጂ ወደኋላ ማየት እንደማይሹ ተናገሩ፤ ወደኋላ የማያይ ኦዲተር የት አገር አለ? በባይደን ጊዜ፣ ኦገስት 29 ቀን 2021 ካቡል ላይ ድሮን 10 ሲቪሎች ገደለ፤ ሰባቱ ሕፃናት ናቸው። መጀመሪያ ትክክለኛ ጥቃት ነው ተባለ፣ ጋዜጠኞች ሲደርሱበት ስሕተት ነው ተባለ፣ በዲሴምበር ማንም አይቀጣም ተባለ። ይቅርታ ተጠየቀ፣ ሪፖርት ወጣ። አለቀ።

በኛ ሃይማኖት ኑዛዜ ካለ ቀኖና ይሰጣል። ስገድ ይባላል፣ ጹም ይባላል፣ የወሰድከውን መልስ ይባላል። በየዓመቱ መጥቶ ያንኑ ኃጢአት እየተናዘዘ ቀኖና ሳይቀበል የሚሄደውን ሰው የነፍስ አባቱ ራሱ ያባርረዋል። ዋሽንግተን በኑዛዜ ጎበዝ ናት።

"እንግዲህ የዓለም ነገር እንዲህ ነው፣ በጦርነት ጊዜ ማን ይቆጣጠራል" የሚለኝ ካለ ደግሞ ሐሪ ትሩማንን አመጣበታለሁ። በ1941 የሚዙሪ ሴነተር ነበሩ፣ ዴሞክራት፣ ፕሬዝዳንቱ ሩዝቬልትም ዴሞክራት። በየጦር ካምፑ የሚባክነውን ገንዘብ ሰምተው በራሳቸው መኪና እየነዱ ሄደው አዩ። ተመልሰው አንድ ኮሚቴ ይቋቋም አሉ። የተሰጣቸው በጀት 15,000 ዶላር ነበር፤ ቢሊዮኖችን ለመቆጣጠር። አገሪቱ በሂትለርና በጃፓን ላይ እየተዋጋች እያለ፣ የራሳቸው ፓርቲ መንግሥት ላይ፣ ጄኔራሎችንና የትልልቅ ፋብሪካ ባለቤቶችን እየጠሩ ጠየቁ። ኦሃዮ ውስጥ ለጦር አውሮፕላን እንከን ያለበት ሞተር እያመረተ ያስረክብ የነበረውን የከርቲስ ራይት ፋብሪካ ያጋለጡት እነሱ ናቸው። ፓይለት የሚሞትበት ሞተር ነው። አገር አልፈረሰችም። ጦርነቱንም አሸነፉ። ሰውየውም በኋላ ፕሬዝዳንት ሆኑ። ስለዚህ በጦርነት ጊዜ መጠየቅ አይቻልም የሚለውን እኔ አልቀበልም፤ ተችሏል፣ የራሳቸው ሰው አድርጎታል።

ከዚያ ወዲህ ያለው መንገድ ቁልቁል ነው። በ2006 በመከላከያው ሕግ ውስጥ የኢራቁን መርማሪ ቢሮ የሚዘጋ አንድ አንቀጽ ሾልኮ ገብቶ ነበር፤ ብዙዎቹ ሕጉን ያጸደቁ እንደራሴዎች አላዩትም። ጋዜጣ ሲያወጣው ደንግጠው አነሱት። ያኔ ቢያንስ ይደነግጡ ነበር። በጃንዋሪ 2025 ትራምፕ ሥልጣን በያዙ በአራተኛው ቀን የፔንታጎኑን ጨምሮ 17 ያህል ዋና መርማሪዎችን በአንድ ሌሊት አሰናበቱ። ሕጉ ለኮንግረስ ከ30 ቀን በፊት ከነምክንያቱ ይነገር ይላል። አልተነገረም። መርማሪዎቹ ከሰሱ። በሴፕቴምበር ዳኛዋ ፈረዱ፤ ስንብቱ ሕገ ወጥ ነው፣ ወደ ሥራ ግን አልመልሳችሁም፣ ብመልሳችሁ ፕሬዝዳንቱ 30 ቀን ጠብቀው ያባርሯችኋል። ለተማሪዬ አስተያየት ከዚህ የተሻለ መልስ ከየት ላምጣ? ጥፋቱ ታወቀ፣ ተጻፈ፣ በፍርድ ቤት ተረጋገጠ። ሁሉም ቀድሞ በነበረበት ቀረ።

"ጋሼ አገርህን ተውና የሰው አገር ትተቻለህ" የምትሉኝ እንደማትጠፉ አውቃለሁ። የኛም ዋና ኦዲተር በየዓመቱ ለፓርላማ ያልተወራረደ ሂሳብ ሲያነብ ቁጭ ብዬ የምሰማ ሰው ነኝ። አሜሪካ እንዲህ ናት እያልን ልጆች ስናስተምር የትኛዋን ግማሽ እያስተማርን እንደሆነ እንወቅ ነው የምለው። ሪፖርቱን ብቻ ከቀዳን እሱ አለን።

በሉ አሁን የቤት ሥራ። ኢራቅ ላይ ጦርነቱን ከወሰኑት፣ ወጪውን አሳንሰው ከነገሩን፣ ገንዘቡን ያለ ደረሰኝ ካወጡት ትልልቆቹ መሃል በዚያ ምክንያት አንድ ቀን እንኳን የታሰረ ሰው ስም ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ። ሻለቃ አይቆጠርም፣ ኮንትራክተር አይቆጠርም። ስኩተር ሊቢ እንዳትሉኝ ደግሞ፤ የቼኒ ቢሮ ኃላፊ የነበሩት ማለቴ ነው። እሳቸው በ2007 የተፈረደባቸው አንዲት የሲአይኤ ባልደረባ ማንነት ሾልኮ በወጣበት ምርመራ ላይ በመዋሸት ነው እንጂ በጦርነቱ አይደለም። 30 ወር ተፈርዶባቸው ቡሽ አንድ ቀን ሳይታሰሩ የእስሩን ቅጣት ሰረዙላቸው፣ በ2018 ደግሞ ትራምፕ ሙሉ ምሕረት ጨመሩላቸው። ከሳቸው ሌላ ካገኛችሁ ጻፉ፣ እስከ እሑድ እጠብቃለሁ።